የፎቶግራፍ አንሺዋ የወይዘሮ ጁሊያ ካሜሩን የሕይወት ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የእናቴ እናት ጉደር ላይ ዐርፈው ለአርባቸው ስንዘጋጅ፣ አንድ ፎቶግራፋቸውን አስፋፍተን በቤት ውስጥ ለመስቀል አሰብን። ሣጥኑን ከፈትን፤ ከአምቦም ከጊንጪም የዘመድ አልበም ሰብስበን አገላበጥን። የሰርግ ፎቶግራፍ አለ፤ የክርስትና አለ፤ የምረቃም አለ። የድግሱን ሁሉ ወጥ የሠሩት፣ ጠላውን የጠመቁት አያቴ ናቸው። ነገር ግን ፎቶግራፍ አንሺው በመጣ ቁጥር እርሳቸው ጓዳ ነበሩ። በመታወቂያቸው ላይ የነበረው ጉርድ ፎቶግራፍ ደግሞ ከመደብዘዙ የተነሣ ዓይንና አፍንጫ አይለይም። በመጨረሻ ያገኘነው በአንድ የሰርግ ፎቶግራፍ ጠርዝ ላይ፣ መሶብ ተሸክመው ሲያልፉ፣ ግማሽ ፊታቸው በነጠላ ተሸፍኖ ነው። እርሱኑ አስፋፍተን ሰቀልነው። ለቀስተኛው ሁሉ እያየ አለቀሰ፤ እኔ ግን ከልቅሶው ይልቅ ኀፍረቱ በረታብኝ። ስምንት ልጅ ያሳደጉ እናት ሙሉ ፊታቸው በአንድ ወረቀት ላይ እንኳ አልቀረም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፎቶግራፍና ስለ ሴቶች የተጻፈ ነገር ሳገኝ ሳላነብ አላልፍም። በዚህ ንባቤ የተዋወቅኋቸውን፣ ካረፉም ከመቶ ዓርባ ዓመት በላይ የሆናቸውን አንዲት ሴት ዛሬ ላስተዋውቃችሁ እወዳለሁ። እኚህ ሴት እንግሊዛዊት ቢሆኑም የእኛን የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ፊት ለታሪክ ካቆዩት ሰዎች አንዷ ናቸው። ስማቸው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሩን ይባላል። ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጻፍኩ ሲሆን የአገራችንን ነገር በሚነካው ስፍራ ግን የራሳችንን ዘመን ጨምሬአለሁ።

ጁሊያ የተወለዱት በሰኔ ወር 1815 በህንድ አገር በካልካታ ከተማ ነው። አባታቸው ጄምስ ፓትል የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሹም ሲሆኑ እናታቸው የፈረንሳይ ተወላጅ ናቸው። ሰባት እኅትማማቾች በሕይወት አድገዋል። እኅቶቻቸው በመልካቸው ውበት የታወቁ ሲሆኑ ጁሊያን ግን ማንም በመልካቸው አያመሰግናቸውም ነበር። የሚነገርላቸው ተሰጥኦአቸውና የልባቸው ግለት ብቻ ነበር። ሴት ልጅ በመልኳ በምትመዘንበት ቤትና ዘመን፣ ከቆንጆዎች መካከል መልከ ጥፉ ተብሎ ማደግ ምን ያህል እንደሚከብድ እኅቶቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ኋላ እኚያው ሴት የውበትን ፈለግ የሕይወታቸው ሥራ አደረጉት።

የልጅነት ትምህርታቸውን አብዛኛውን በፈረንሳይ አገር ከአያታቸው ዘንድ ተማሩ። በሃያ አንድ ዓመታቸው ገደማ ለጤናቸው ብለው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ በኬፕ በተቀመጡበት ጊዜ ሁለት ሰዎችን ተዋወቁ። አንደኛው የታወቁት የሥነ ፈለክ ሊቅ ሰር ጆን ሄርሸል ናቸው። ፎቶግራፍ ገና እንደተፈለሰፈ ስለ አዲሱ ጥበብ በደብዳቤ የነገሯቸውና የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ወደ ህንድ የላኩላቸው እኚህ ሊቅ ነበሩ። ሁለተኛው በሃያ ዓመት የሚበልጧቸው የሕግ ዐዋቂ ቻርልስ ሄይ ካሜሩን ሲሆኑ በ1838 በካልካታ ተጋቡ። በአየርላንድ ጽኑ ረኃብ በገባ ጊዜ ወይዘሮ ካሜሩን ከካልካታ ሆነው ለረኃብተኞቹ ገንዘብ በማሰባሰብ ደክመዋል።

ባላቸው ጡረታ ሲወጡ በ1848 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ። ስድስት ልጆች ወልደዋል፤ ከእነዚህም በላይ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ሰብስበው አሳድገዋል። በ1860 ዋይት በምትባል ደሴት፣ ፍሬሽዎተር በተባለች መንደር፣ ከባለቅኔው ከቴኒሰን ጎረቤት ቤት ገዝተው ዲምቦላ ብለው ሰየሙት። ስሙን የወሰዱት ቤተ ሰቡ በሴይሎን ደሴት፣ ማለትም በዛሬይቱ ስሪላንካ፣ ከነበረው የቡና እርሻ ነው።

እነሆ እስከዚህ ድረስ የተነገረው የአንዲት ባለትዳርና የልጆች እናት ታሪክ ነው። ወይዘሮ ካሜሩን በዚህ ጊዜ አርባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ልጆቹ አድገው እየወጡ ነው፤ ባላቸው የእርሻውን ነገር ለማየት ወደ ሴይሎን ሄደዋል፤ ቤቱ ጭር ብሏል። በታኅሣሥ ወር 1863 ሴት ልጃቸውና አማቻቸው ብቸኝነታቸውን እንዲያስረሳቸው ብለው አንድ የፎቶግራፍ መሣሪያ ስጦታ ሰጧቸው። ልጆቹ መጫወቻ የሰጡ መስሏቸው ነበር።

ወይዘሮ ካሜሩን ግን አልተጫወቱበትም። የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል አደረጉት። ዶሮዎቹን አውጥተው የዶሮ ቤቱን በመስተዋት አልብሰው ማንሻ ክፍል አደረጉት። ከዚያ በኋላ በዚያ የዶሮ ቤት ውስጥ ባለቅኔዎች፣ ሊቃውንት፣ የጎረቤት ልጆችና የቤት ሠራተኞች በየተራ ተቀመጡ።

የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ ዛሬ በስልካችን እንደምናነሣው የቀለለ አልነበረም። አንድ ትልቅ መስተዋት ኮሎዲዮን በሚባል ዝልግልግ ፈሳሽ ይቀባል፤ ወዲያው በብር ጨው ውኃ ይነከራል። ሳይደርቅ፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፣ ወደ መሣሪያው ገብቶ ብርሃን ማግኘት አለበት። ተነሺው ለብዙ ሴኮንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች፣ ሳይነቃነቅ ይቀመጣል። ከዚያ መስተዋቱ በጨለማ ክፍል በመድኃኒት ታጥቦ፣ መርዝነት ባለው ሌላ መድኃኒት ጸንቶ፣ በብዙ ውኃ ይለቀለቃል። ቀጥሎም በእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ በፀሐይ ብርሃን ይታተማል። ወይዘሮ ካሜሩን እጃቸውና ልብሳቸው በብር ጨው ጠቁሮ ይውል ነበር። ከሥራው ላይ አንሥተው እንግዳ ሲቀበሉ ከቤተ ሰብእ ይልቅ ከሰል ሻጭ ይመስሉ እንደነበር መገመት ይቻላል።

ብዙ መስተዋት ተሰበረ፤ ብዙ ቀን ከንቱ ሆነ። በጥር ወር 1864 ግን አኒ የተባለች አንዲት የጎረቤት ሕፃን አስቀምጠው አነሡ። ፎቶግራፉ ሠመረ። የመጀመሪያው ስኬታቸው መሆኑንም በገዛ እጃቸው ጻፉበት። በዚያው ዓመት የለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር አባል ሆኑ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በለንደን የሚገኘው የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም ሥራዎቻቸውን ገዝቶ ለሕዝብ አሳየ። ይኸው ሙዚየም በ1868 ሁለት ክፍሎች ለሥራቸው ሰጣቸው።

ይሁን እንጂ የዘመኑ የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ሳቁባቸው። ፎቶግራፉ የደበዘዘ ነው፤ ሌንሱን ማስተካከል አያውቁም፤ በመስተዋቱ ላይ ጭረትና የጣት አሻራ ይታያል እያሉ በየመጽሔቱ ነቀፏቸው። ሌሎች ፎቶግራፍ አንሺዎች ሰውን ከእግር እስከ ራስ፣ ከወንበርና ከመጋረጃ ጋር፣ ትንሽ አድርገው ያነሡ ነበር። ወይዘሮ ካሜሩን ግን ወደ ፊት ቀርበው፣ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ብቻ አስገብተው፣ ፊትን ብቻ ገዝፎ እንዲታይ ያደርጉ ነበር። የፈለጉት ቁልፍና ዳንቴል አጥርቶ ማሳየት ሳይሆን በሰውየው ውስጥ ያለውን ማሳየት ነበር። ነቃፊዎቹ ዛሬ ተረስተዋል፤ የእርሳቸው አሠራር ግን ለፊት ፎቶግራፍ ጥበብ ፋና ወጊ ሆኖ ይጠናል።

ስለ ሴቶች ያደረጉት ነገር ምንድን ነው? በንግግር አደባባይ የወጡ የሴቶች መብት ተሟጋች አልነበሩም። ያደረጉት በእጃቸው ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ሠርቶ መሸጥን በራሳቸው አሳዩ። በእንግሊዝ አገር እስከ 1870 ድረስ ባል ያላት ሴት በሥራዋ ያገኘችው ገንዘብ በሕግ የባሏ ነበር። ወይዘሮ ካሜሩን ሥራቸውን የጀመሩት ይህ ሕግ ሳይሻሻል ነው። ሥራቸውንም በስማቸው አስመዘገቡ፤ ከአምስት መቶ በላይ ፎቶግራፎቻቸውን በመብት መዝገብ ላይ አሰፈሩ፤ በለንደን ነጋዴዎች በኩልም ሸጡ። የቤተ ሰቡ የቡና እርሻ ገቢ እየሳሳ በመሄዱ ገንዘቡ ያስፈልጋቸው ነበር። ለወጪው ያህል እንኳ ትርፍ ባያገኙበትም፣ ሥራዬ ዋጋ አለው ብለው ቆሙ።

ሁለተኛም ማንም የማያያቸውን ሴቶች አዩ። ሜሪ ሂሊየር የቤታቸው ሠራተኛ ነበረች። ወይዘሮ ካሜሩን ይህችን የገጠር ልጅ ደጋግመው ከማንሣታቸው የተነሣ፣ በተለይም በእመቤታችን አምሳል ስላነሷት፣ የመንደሩ ሰው በዚሁ ስም ይጠራት ጀመር። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን አለ። እኚህ ሴት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ ናቸው፤ ፎቶግራፎቹም የጥበብ ሥራዎች እንጂ እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተስለው፣ ተባርከው የሚሰገድላቸው ቅዱሳት ሥዕላት አይደሉም። ሆኖም እሳት የምታነድና ሳሕን የምታጥብ ልጅ ፊት ላይ ቅድስናን የሚያመለክት ክብር ማየታቸው ያስመሰግናቸዋል። እግዚአብሔር ሰውን በአርአያውና በአምሳሉ ሲፈጥር እመቤቲቱን ከሠራተኛዋ አልለየምና።

የሜሪ ራያን ታሪክ ከዚህ ይልቃል። ሜሪ ከአየርላንዳዊት እናቷ ጋር በመንገድ ዳር ስትለምን ወይዘሮ ካሜሩን አገኟት። እናትዬዋን ሥራ ሰጧት፤ ልጅቱን ወደ ቤታቸው ወስደው ከልጆቻቸው ጋር አስተማሯት። አድጋ የቤት ሥራ ትሠራ፣ ለፎቶግራፍም ትቀመጥ ነበር። በ1865 የወይዘሮ ካሜሩን ሥራዎች በለንደን ሲታዩ ሄንሪ ኮተን የተባለ ወጣት ፎቶግራፏን አይቶ ልቡ ተነካ። በ1867 አገባት። እርሱም በህንድ አስተዳደር ከፍ ካለ ማዕረግ ደረሰ፤ በ1904 የህንድ ብሔራዊ ኮንግሬስ ሊቀ መንበር የነበረው እርሱ ነው። የመንገድ ዳር ለማኝ የነበረችው ልጅ የባለማዕረግ እመቤት ሆነች። ይህን ስናነብ ግን ፎቶግራፉ ብቻ ያደረገው እንዳይመስለን፤ ከፎቶግራፉ በፊት ፊደል ቀድሟል።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ አገራችን ታሪክ እንመለሳለን። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠውተው ካለፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ልጃቸውን ደጃዝማች ዓለማየሁን ይዞ ወጣ። እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ በመንገድ ላይ ዐረፉ። የሰባት ዓመቱ ሕፃን አባቱንም እናቱንም ባጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ አማርኛ በሚያውቀው በካፒቴን ስፒዲ ሞግዚትነት፣ በዚያችው በዋይት ደሴት ተቀመጠ። ወይዘሮ ካሜሩንም በዚያ ክረምት የልጁን ፊት አነሡ።

በዚህች ጋዜጣችን ገጽ ላይ ፎቶግራፍ ማተም ስለማይቻል በቃል ልንገራችሁ። ልጁ ዝም ብሏል። ፈገግታ የለም። ዓይኖቹ የሚያዩት መሣሪያውን ሳይሆን ሩቅ ነገር ይመስላል። ካፒቴን ስፒዲም የሐበሻ ልብስ ለብሶ፣ መሣሪያ ይዞ ተነሥቷል። ይህን ፎቶግራፍ ሳይ ሁለት ስሜት ይታገሉኛል። በአንድ በኩል ወይዘሮ ካሜሩን ባያነሡት ኖሮ ያን የሕፃን ኀዘን ዛሬ እንዲህ አቅርበን አናየውም ነበር። በሌላ በኩል ልጁን ማንም አልጠየቀውም፤ ፎቶግራፉም እንደ ሌሎቹ ሥራዎቻቸው ለገበያ የወጣ ነበር። የተማረከ ልጅ ፊት በሱቅ ተሸጠ ማለት ነው። ደጃዝማች ዓለማየሁ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ በሰው አገር ዐረፈ፤ አፅሙም በዊንድዘር ቀርቷል። አፅሙ ለአገሩ እንዲበቃ በቤተ ሰቡ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም።

ስለዚህ የወይዘሮ ካሜሩንን ታሪክ ስናነብ ጉድለታቸውንም አንሸሽግ። የታላላቅ ወንዶችን ፎቶግራፍ ሲያነሡ በስማቸው ይጠሩዋቸው ነበር፤ ብዙዎቹን ሴቶች ግን በሌላ ስም፣ በቅዱሳት ወይም በተረት ሰዎች ስም ያቀርቧቸው ነበር። የሜሪ ሂሊየር ፊት በዓለም ሙዚየሞች ሲታይ ስሟን ፈልጎ ማግኘት ግድ ይላል። ሥራዎቻቸውን በ1926 በመጽሐፍ ካወጡት አንዷ ደራሲዋ ቨርጂኒያ ዉልፍ ናት፤ ለእርሷም ወይዘሮ ካሜሩን የአያቷ እኅት ነበሩ። በመጽሐፉ ርእስ ላይ ወንዶቹ ታዋቂዎች፣ ሴቶቹ ደግሞ ቆንጆዎች ተብለዋል። ነገር ግን የዚህችው ደራሲ እናት ጁሊያ ጃክሰን በ1867 በገዛ ስሟ፣ ያለ ተረትና ያለ ጌጥ፣ ፊት ለፊት ወደ ተመልካቹ እያየች ተነሥታለች። ብዙ ዐዋቂዎች ከወይዘሮ ካሜሩን ሥራዎች ሁሉ ይህን ያስበልጣሉ። አንዲት ሴት ሌላ ሰው ሳትመስል ራሷን ሆና ስትታይ ይበቃል ማለት ነው።

በ1875 ባልና ሚስቱ ኑሮ ስለተወደደባቸው ወደ ሴይሎን ሄዱ። በዚያም የቡና ተክል በቅጠል ዋግ በሽታ እየጠፋ ነበር። መድኃኒቱና ንጹሕ ውኃው እንደ ልብ ባይገኝም ወይዘሮ ካሜሩን አልተዉም፤ በእርሻ የሚሠሩትን የአገሩን ሴቶችና ወንዶች አነሡ። ከዚያ ዘመን የቀረው ፎቶግራፍ ግን ጥቂት ነው። በጥር ወር 1879 በስድሳ ሦስት ዓመታቸው በዚያው ዐረፉ። ደጃዝማች ዓለማየሁም በዚያው በአውሮፓ ዓመት በኅዳር ተከተላቸው። ወይዘሮዋ የሠሩት በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሲሆን ከዘጠኝ መቶ በላይ ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ።

ውድ አንባብያን፤ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ በወንጌል በዐሥራ አንደኛው ሰዓት ወደ ወይኑ ቦታ የተጠሩ ሠራተኞች ነበሩ። ወይዘሮ ካሜሩን በአርባ ስምንት ዓመታቸው ጀምረው መክሊታቸውን አተረፉ። እናቶቻችን መሠረተ ትምህርት ሊማሩ ሲነሡ፣ አሁን ደግሞ ምን ሊያደርግላቸው ነው የምንል ልጆች ብንኖር እንፈር።

ሁለተኛ፣ ለሌላው ክብር መስጠት ከማየት ይጀምራል። በአገራችን የፎቶግራፍ ጥበብ በቤተ መንግሥት ገብቶ፣ እንደ ቤድሮስ ቦያጂያንና እንደ ልጆቹ እንደ ሃይጋዝና እንደ ቶኒ ባሉ አርመናውያን እጅ ዳብሮ፣ ከአዲስ ዓለም እስከ አምቦና ጉደር በየከተማው ፎቶ ቤት ሆነ። ዛሬ ደግሞ በየኪሳችን ነው። እኛ ግን የምናነሣው ማንን ነው? ጓደኞቻችንንና ራሳችንን ነው። ጓዳ ያሉት አሁንም ጓዳ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ሳይጠይቁ ማንሣት ክብር አይደለም። የደጃዝማች ዓለማየሁ ፊት ይህን ያስተምረናል። እናትን ከጭስ ቤት ጎትቶ ማንሣትም፣ ደሃን በደጀ ሰላም አንሥቶ ለሰው ማሳየትም ያው ነው። አስፈቅደን፣ ታጥበው ለብሰው፣ እንደ ወደዱ ተቀምጠው እናንሣቸው።

ስለዚህ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ከመጪው የዳግማይ ትንሣኤ በፊት እያንዳንዳችን አንዲት አያት ወይም እናት በክብር እናንሣ። ፎቶግራፉን በወረቀት እናሳትም። ከጀርባው የእገሌ እናት ብለን ሳይሆን የራሳቸውን ስም፣ የአባታቸውን ስም፣ የክርስትና ስማቸውንና ዓመተ ምሕረቱን እንጻፍ። ማንበብ ለሚፈልጉትም ስማቸውን የሚጽፉበትን ፊደል እናስቈጥራቸው፤ ከፎቶግራፉ በፊት ፊደል እንደሚቀድም ከሜሪ ራያን ተምረናልና።

የእኔ አያት ስም ወለተ ሥላሴ ነበር። ይህን የክርስትና ስማቸውን ያወቅሁት በፍትሐታቸው ቀን ካህኑ ሲጠሩት ነው። እናንተ እስከዚያ ቀን አትቆዩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።